ጡብ፣ ላስቲክና የመሬት መንቀጥቀጥ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ ውስጥ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር «ተንቀጠቀጠ?» የሚል አይጠፋም። የደረሱኝም ጥያቄዎች እዚያው ላይ ናቸው።

«ፕሌቶች (የመሬት ቅርፊት የተከፋፈለባቸው ግዙፍ የአለት ገበታዎች) ሁልጊዜ የሚሄዱ ከሆነ መሬት ለምን ሁልጊዜ አትንቀጠቀጥም?» (ተማሪ፣ ደሴ)

ሞክሪው። ጣውላ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፊ፤ ግማሽ ጡብም በዚያው ጠቅልለሽ አስቀምጪበት። ጡቡን በፀጉር ላስቲክ አስረሽ ቀስ እያልሽ ሳቢ። ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ጡቡ ንቅንቅ አይልም፤ ከዚያ እመር! ደግመሽ ብትስቢ የሚዘልበት ጊዜም ርቀትም ይለያያል። እጅሽ ፕሌቱ ነው፣ ላስቲኩ ቀስ በቀስ የሚለጠጠው አለት፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ደግሞ አለቶቹ በሚተሻሹበት ስንጥቅ ላይ ያለው ሰበቃ። (እኔ ረከቦት አጠገብ ሞክሬ ሁለት ሲኒ ሰብሬያለሁ፤ ራቅ በይ።)

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን አንድሪያስ በተባለው ስንጥቅ ሁለት ፕሌቶች ጎን ለጎን ይተላለፋሉ፤ በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው መንቀጥቀጥ አንዳንድ ቦታ መሬቱን እስከ 6 ሜትር አንሸራተተው። ቀጥ ብሎ የታጠረ አጥር ተበጥሶ፣ ግማሹ ሌላ ቦታ ተገኘ። ሃሪ ሪድ የተባለው ሳይንቲስት ከዚህ በፊትና በኋላ የተደረጉ የመሬት ልኬቶችን አስተያይቶ ነው የላስቲኩን ነገር የደረሰበት።

«የኛም እንደዚያው ነው?» (ነጋዴ፣ ኮምቦልቻ)

አይደለም፤ የኛ መሬት በዋናነት ጎን ለጎን የሚተላለፍ ሳይሆን፣ ግራና ቀኝ እየተሳበ የሚለጠጥና የሚሰምጥ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ቁልቁል ሲወርዱ የሚያዩት የቦርከና ሜዳ በስንጥቆች መካከል የሰመጠ መሬት ነው። እንዲህ ስል ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፦ በ1953 ዓ.ም. በደረሰ መንቀጥቀጥ ካራ ቆሬ ክፉኛ ተጎድታለች፣ ማጀቴም ፈርሳለች።

«ቀኑን ለምን አይነግሩንም?» (ጡረተኛ፣ ደሴ)

አባቴ፣ ሳይንቲስቶች ሞክረው ነበር። እዚያው ሳን አንድሪያስ ላይ ፓርክፊልድ የምትባል መንደር በአማካይ በ22 ዓመት አንዴ ትናወጥ ስለነበር፣ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ይመጣል ብለው መሣሪያ ተክለው ጠበቁ። የመጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። በሳተላይት ቦታን የሚለካው ጂፒኤስ ላስቲኩ ምን ያህል እንደተለጠጠ ይነግረናል፤ ጡቡ የሚዘልበትን ቀን ግን አይነግረንም።

«ውሻ ቀድሞ ያውቃል ይባላል።» (ስም ያልጻፈ)

ከዋናው መንቀጥቀጥ ፈጥኖ የሚደርሰውን ደካማ ሞገድ ከኛ ቀድሞ ሊሰማው ይችላል። የሰከንዶች ጉዳይ ነው፤ ጫማ ለመፈለግ እንኳ አይበቃም። ይልቅ ራስጌዎ ያለውን ቁም ሳጥን ግድግዳው ላይ ያሳስሩት።