እጅ ከመውጣቱ በፊት

ልጆቼ፣

በአንድ ከተማ አስተዳደር የበጀት ክፍል ውስጥ 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራዬ መደመርና መቀነስ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የበዛው መቀነሱ ነው።

ከዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አይረሳኝም። ምክር ቤቱ በጀት የሚያጸድቅበት ቀን ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከኋላ ወንበሮች ላይ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ወጣቶች ተደርድረዋል። በትልቅ ወረቀት የሠሩትን ፕላን ጠቅልለው ይዘዋል። ሰፈራቸው ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ የስፖርት ሜዳ እንዲሆንላቸው ነው የመጡት። ተራቸው ሲደርስ አንዲት ልጅ ተነሳች። ግሩም አድርጋ ተናገረች። አባላቱ አጨበጨቡ፣ አፈ ጉባኤውም አመሰገኗቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጀቱ እጅ በማውጣት ጸደቀ። ሜዳው ውስጡ የለም።

ስወጣ ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ አጨብጭበውልን ነበር እኮ» አለችኝ።

ምን ልበላት? ያን ቀን የጸደቀው ሰነድ ተሠርቶ ካለቀ ሦስት ወር አልፎት ነበር። ያጨበጨቡት ከልባቸው ነው፣ አላስመሰሉም። ግን በዚያ ሰዓት ሜዳ ለማስገባት ሌላ ነገር ማውጣት ያስፈልጋል። ማውጣት ደግሞ ለሌላ ሰፈር ቃል የተገባውን መንገድ መንጠቅ ነው። በመጨረሻዋ ቀን እዚያ ውስጥ እጁን የሚነክር አባል የለም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለዚሁ ነው። ቀድማችሁ ኑ።

ነገሩ የሚሄደው እንዲህ ነው። አዲሱ የበጀት ዓመት ከመግባቱ ወራት ቀደም ብሎ የፋይናንስ ክፍሉ ለየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይበትናል። የበጀት ጥሪ ይባላል። «ጣሪያችሁ ይህን ያህል ነው፣ ፍላጎታችሁን እስከዚህ ቀን አምጡ» ይላል። መሥሪያ ቤቶቹ ይቆረጥብናል ብለው ስለሚፈሩ አብዝተው ይጠይቃሉ። እኛም አብዝተው እንደሚጠይቁ ስለምናውቅ እንቆርጣለን። ድብብቆሽ ነው። ሁለቱም ወገን ያውቀዋል፣ ሁለቱም ይጫወተዋል። ከዚያ ረቂቁ ወደ ከንቲባው ይወጣል። ከከንቲባው ወደ ምክር ቤቱ የበጀት ቋሚ ኮሚቴ ይወርዳል። ኮሚቴው ኃላፊዎችን እየጠራ ያፋጥጣል። የሕዝብ ውይይት ይደረጋል። በመጨረሻ ሙሉው ምክር ቤት ድምፅ ይሰጣል። ስሙና ቀኑ ከአገር አገር ይለያያል እንጂ አካሄዱ ብዙም አይራራቅም።

እናንተ የምታዩት የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነው። ጋዜጠኛም የሚመጣው ለእነሱ ነው። ገንዘቡ ግን መንገዱን የሚይዘው አንድ ባለሙያ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ የፕሮጀክት ዝርዝር በሚያወጣበት ሳምንት ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳውም ካለፈው ዓመት ዝርዝር ነው። ያምናውን ይከፍትና ትንሽ ይጨምርበታል፣ ትንሽ ይቀንስለታል። በዚያ ሳምንት ወረቀታችሁ ጠረጴዛው ላይ ከሌለ፣ በኋላ አዳራሽ ውስጥ የምታደርጉት ንግግር ለጭብጨባ ነው የሚተርፈው።

የከተማውን በጀት ጠቅላላ ድምር ስታዩ ደግሞ «ይህ ሁሉ ገንዘብ እያለ?» ማለታችሁ አይቀርም። እኔም ስቀጠር ብዬዋለሁ። ድምሩ ያታልላል። ከንብረትና ከንግድ የሚሰበሰብ ግብር አለ፣ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ ከበላይ መንግሥት የሚመጣ ድጎማ አለ፣ አንዳንዴም ብድር አለ። ድጎማው ብዙ ጊዜ የሚውልበት ተጽፎበት ነው የሚመጣው። ለጤና የመጣው ለመንገድ አይሆንም። ብድርን ለደመወዝ ማዋል በብዙ ቦታ ክልክል ነው። ከቀረው ላይ ደመወዝ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ የመንገድ መብራት፣ የዕዳ ክፍያ ይነሳል። እነዚህ ክርክር ኖረ አልኖረ ይከፈላሉ። ምክር ቤቱ የምሩን ሊከራከርበት የሚችለው ጫፉን ብቻ ነው።

ጫፍ በመሆኑ ነው ጭቅጭቁ የሚበዛው። አንድ ጊዜ በአዳራሽ ወንበር ግዢ ላይ ሁለት ሰዓት ሲነታረኩ፣ ትልቁን የፍሳሽ ማጣሪያ ውል ደግሞ በሩብ ሰዓት ሲያሳልፉት ተቀምጬ አይቻለሁ። ወንበር ላይ ሁሉም ተቀምጦ ያውቃል። ስለ ማጣሪያው ለመጠየቅ ግን ማንበብ ያስፈልግ ነበር። እዚያ መካከል ያነበበ አንድ ወጣት ቢኖር ብዬ ተመኝቻለሁ።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልንገራችሁ።

በጀት ሁለት ኪስ አለው። አንዱ ካፒታል ይባላል፤ መገንቢያ ነው። ሌላው መደበኛ ይባላል፤ የተገነባውን ማንቀሳቀሻ ነው። ግንባታ ያምራል። ሪባን ይቆረጥበታል፣ ፎቶ ይነሳበታል፣ በምርጫ ሰሞን ስሙ ይጠራል። ለጥበቃ ደመወዝ ሪባን የቆረጠ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

አንድ ዓመት የወጣቶች ማዕከል እንዲሠራ ተወሰነ። የማይፈልገው ሰው አልነበረም። የፕሮጀክቱን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ «ከተጠናቀቀ በኋላ የሚያስፈልገው ዓመታዊ ወጪ» የሚል ሳጥን አለ። ቁጥሩን ከጻፍኩት ኮሚቴው ፕሮጀክቱን ይጥለዋል ብዬ ፈራሁ። ጊዜም አጥሮኝ ነበር፤ እሱ ግን ሰበብ ነው። «ወደፊት የሚታይ» ብዬ ጻፍኩበት። ማንም አልጠየቀኝም።

ማዕከሉ በጊዜው አለቀ። ሪባኑ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ አስተባባሪ የሚቀጠርበት መደብ የለም። የመብራትና የውሃ ክፍያ የሚወጣበት መስመር የለም። በሩ 14 ወር ተቆልፎ ቆየ። ወደ ሥራ የምሄደው በዚያ በኩል ነበርና ሳልወድ በግድ የመስኮቶቹን መስታወት እቆጥር ነበር። ሳምንት ቆይቼ ስቆጥር አንድ ጎድሎ አገኛለሁ። ሰፈሩ ውስጥ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች በሩ ላይ ተደግፈው ያርፋሉ። ማዕከሉ ለእነሱ ነበር የተሠራው። አንዳቸውም እኔን አያውቁኝም። ባያውቁኝ ይሻለኛል እል ነበር።

ስለዚህ ሐሳብ ስታቀርቡ ያንን ሳጥን ራሳችሁ ሙሉት። ማን ይከፍተዋል? ማን ያጸዳዋል? አምፖሉ ሲቃጠል ማን ይቀይረዋል፣ ከየትኛው ገንዘብ? ይህን ጨምሮ የጻፈ የነዋሪዎች ማመልከቻ በሥራ ዘመኔ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ባለሙያ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ከላይ ያስቀምጠዋል። ሥራ ቀንሰውለታላ!

«ለምን ነዋሪው ራሱ አይወስንም?» ትሉ ይሆናል። ተሞክሯል። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ በ1989 ጀመረችው (ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አሳታፊ በጀት ይባላል። የየሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ቅድሚያ የሚሰጠውን ይመርጣል፣ ተወካይ ይልካል። እኔ የወደድኩት የድምፁን ነገር ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ሲከፋፈል የሕዝቡ ብዛትና የአገልግሎት እጥረቱም አብረው ይመዘናሉ። ጩኸት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ቧንቧ ያልገባለት ሰፈር፣ ተናጋሪ ባይኖረውም፣ ነጥብ አለው። በዓለም ባንክ አኃዝ በ1988 የውሃና የፍሳሽ መስመር የነበራቸው ቤቶች ከመቶ 75 ነበሩ፤ በ1997 ወደ 98 ደርሰዋል። ሁሉም የዚህ አሠራር ውጤት ነው ብዬ አልምልም፣ ከተማ አንድ ነገር ብቻ ይዞ አያድግም። በ2017 ደግሞ ያው አሠራር ተቋረጠ። ይህን ያህል ዘመን የኖረ ነገርም ይቋረጣል።

ከዚያ ወዲህ ኒው ዮርክ በ2011፣ ፓሪስ በ2014 የየራሳቸውን ጀምረዋል። ለእናንተ ዕድሜ የሚቀርበው ግን የቦስተን ነው። ከተማዋ በ2014 አንድ ሚሊዮን ዶላር ለይታ ከ12 እስከ 25 ዓመት ያሉ ልጆች እንዲወስኑበት ሰጠች። ከመረጧቸው ነገሮች አንዱ የስኬትቦርድ መጫወቻ የአዋጭነት ጥናት ነበር። መጫወቻው ራሱ አይደለም፣ ጥናቱ! ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከመገንባት በፊት ማጥናት እንዳለ ለመረዳት እኔ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። እንዲህ ለነዋሪው የሚለቀቀው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ፖላንድ በ2018 ባወጣችው ሕግ ትልልቅ ከተሞቿን አሳታፊ በጀት እንዲኖራቸው አስገድዳለች። ዝቅተኛው መጠን ግን ከከተማው ወጪ ግማሽ በመቶ (0.5%) ብቻ ነው። እሱን ተሻምታችሁ ስትጨርሱ የቀረውን ደግሞ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል።

በዓመቱ መካከል የሚከፈት በርም አለ፤ ከቢሮ ውጪ የሚያውቀው ጥቂት ነው። አንዱ ፕሮጀክት በጨረታ ክርክር ይቆማል። ሌላው የቦታ ይገባኛል ጥያቄ ይነሳበታል። የተያዘለት ገንዘብ ሥራ ላይ ሳይውል የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ይቃረባል። ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ሊሆን ይችላል፣ የሚቀጥለውን ዓመት ጣሪያም ያስቀንሳል። ያኔ ቢሮው ይራወጣል። «ዝግጁ የሆነ ምን አለ?» የሚል ጥያቄ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ቦታው የተረጋገጠለት፣ ንድፍና የዋጋ ግምት ያለው፣ ጎረቤት ያልተቃወመው ሐሳብ ያኔ ነው ዕድል የሚያገኘው። በጣም የሚያምሩ ሐሳቦች በዚያ ሰዓት ዝግጁ ባለመሆናቸው ብቻ ሲያልፋቸው አይቻለሁ። በእነሱ ፈንታ የአጥር ቀለም ይገዛል። አጥሩ ቀለም አላስፈለገውም ነበር።

የምክር ቤት አባላትን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። አትናቋቸው። አብዛኞቹ አራት መቶ ገጽ ሰነድ በሳምንት አንብባችሁ ወስኑ የሚባሉ ሰዎች ናቸው። የሰፈራችሁን ተወካይ ቀድማችሁ አግኙት፣ በአንድ ገጽ ስጡት፣ ኮሚቴው ላይ የሚጠይቀውን ጥያቄ እናንተው ጻፉለት። ቃለ ጉባኤ መመልከት በሚፈቀድበት ቦታ ደግሞ ያምናውን አንብቡ። ማን ምን እንዳለ እዚያ አለ።

ያቺን ልጅ ልጨርስላችሁ። በማግስቱ ቢሮዬ መጣች። የሚቀጥለው የበጀት ጥሪ መቼ እንደሚወጣ ነገርኳት። ወረቀት አልያዘችም፣ ቀኑን መዳፏ ላይ በእስክርቢቶ ጻፈችው። በኋላ ሲያጣሩ ባዶው ቦታ ለጎርፍ መውረጃ የተያዘ ሆኖ ተገኘ። ሜዳው ቀረ። እርስ በርሳቸው ተኳርፈው ነበር መሰለኝ፣ ግማሾቹ ተበተኑ። የቀሩት አምስቱ በጥሪው ሰሞን ሌላ ወረቀት ይዘው መጡ። አንድ ገጽ ነው። ልጆች ማታ ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ጨለማ መንገድ ላይ 9 መብራት ይተከል ይላል። የኤሌክትሪክ ክፍያው ጭምር ተሰልቷል። ስሌቱ ትንሽ ተሳስቶ ነበር፣ አስተካክዬ አስገባሁት። ጸደቀ። በጸደቀበት ቀን አንዳቸውም አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ፈተና ነበረባቸው።

ሥራው ተጠናቀቀ በተባለ በሳምንቱ ማታ ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ስድስት ነው የተተከለው።»

«የጸደቀው ዘጠኝ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የደወልኩት።»

ጠዋት ፋይሉን አወጣሁ። ዋጋ ጨምሯል ተብሎ ሦስቱ እንዲቀነሱ የተጻፈ ደብዳቤ አለ። ግልባጩ ለእኛ ክፍል ደርሷል። ጠርዙ ላይ «ታይቷል» የሚል ጽሑፍና ፊርማ አለበት። ፊርማው የእኔ ነው። መቼ እንደፈረምኩት አላስታውስም። በዚያ ቀን ስንት ደብዳቤ እንደፈረምኩም አላውቅም።

ደወልኩላትና ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «የሚቀጥለው ጥሪ መቼ ነው?» አለችኝ።