በረኪናው፣ ሳፋው፣ ንፍጡ፦ ስለ ሕፃናት ማቆያ ለጠየቃችሁን

«ወለሉንም መጫወቻውንም በየቀኑ በበረኪና እናጥባለን፣ ሽታው እስኪሰነፍጥ። ተቅማጡ ግን ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው መዞሩን አላቆመም። ምን ጎደለን?» (የማቆያ ኃላፊ)

በበረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ቆሻሻ ላይ ሲያርፍ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። በሳሙና ባልታጠበ ወለል ላይ የፈሰሰ በረኪና ይሸታል እንጂ ጀርሙን በአግባቡ አይገድልም። መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ አለቅልቁ። ከዚያ በረኪናውን ቀቡና 10 ደቂቃ እርጥብ እንደሆነ ይቆይ።

መጠኑ በግምት አይሁን። ጠርሙሱ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ለጠረጴዛ፣ ለበር እጀታና ለመጫወቻ 20 ሚሊ ሊትር በረኪና በ980 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል። ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙና ለዚህ ብቻ አስቀምጡት። ትውከት ወይም ተቅማጥ ለነካው ቦታ ግን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ያስፈልጋል። ትውከቱን መጀመሪያ በወረቀት አንሱት፤ በረኪና በቀጥታ አታፍስሱበት። ሽንት ላይ ከፈሰሰ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከተቀላቀለ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። የምትበጠብጡት በቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ የትናንቱን ድፉት። ልጆች አፋቸው ውስጥ የሚከቱት መጫወቻ በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ።

ተቅማጡን የሚያዞረው ግን ከወለሉ ይልቅ እጅ ይመስለናል። ዳይፐር የምትቀይረው ሞግዚት ራሷ ምሳ የምታጎርስ ከሆነች፣ ሌላው ልፋት ሁሉ ብዙ አይጠቅምም። ሥራውን ለሁለት ሰው ክፈሉት። ሰው ካጠራችሁ ቅደም ተከተሉን አጥብቁ፦ ንጹሑ ዳይፐር አስቀድሞ ይዘጋጅ፣ ልጁ ከፊት ወደ ኋላ ይጠረግ፣ የቆሸሸው ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ይግባ። ንጹሑን ከማልበሷ በፊት ጓንቷን ታውልቅ። ከዚያ የልጁ እጅ ይታጠብ፣ መቀየሪያው ይጽዳ፣ በመጨረሻ እሷ በሳሙና 20 ሰከንድ ትታጠብ። ጓንት ማድረግ መታጠብን አይተካም። የልጁ እጅ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሲቀየር ግን እጁን ወደ ታች የማይሰድ ሕፃን የለም።

«ውኃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። ልጆቹን በአንድ ሳፋ ብናስታጥብ ወይም ሳኒታይዘር ብንጠቀምስ?» (ሞግዚት)

ሳፋውን ተዉት። ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ ያለው ሁሉ የሚታጠበው በቀደመው ልጅ እጣቢ ነው። ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ወይም ጀሪካን በቂ ነው፤ ውኃው ቀጭን ሆኖም ቢሆን ይውረድ። ፎጣም የጋራ አይሁን። አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ለጉንፋን ቫይረስ ጥሩ ነው፤ ተቅማጥ የሚያመጡትን ኖሮቫይረስንና ጃርዲያን፣ እንዲሁም የወስፋት እንቁላልን ግን በአግባቡ አያጠፋም፤ በቆሸሸ እጅ ላይም ይደክማል። ከዳይፐር በኋላና ከምግብ በፊት ሳሙና ብቻ።

«ልጄ ንፍጡ አረንጓዴ ስለሆነ ከማቆያው መለሱት። ትክክል ናቸው?» (እናት)

አይደሉም። የንፍጥ ቀለም ብቻውን ልጅን ከማቆያ አያስቀርም፣ አንቲባዮቲክም አያሳዝዝም። ቤት መዋል ያለበት ትኩሳት ያለው፣ የሚያስመልሰው ወይም የሚያስቀምጠው ልጅ ነው። የሚያሳዝነው፣ ንፍጣሙ ቤት ሲቀር ትናንት ሲያስቀምጠው ያደረው ዛሬ ይገባል። ተቅማጥና ትውከት ካቆመ 48 ሰዓት ይሙላ። ጉድፍ የያዘው ልጅ ውኃ የቋጠረው ሽፍታ ሁሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪሠራ ይቆይ። እከክ ያለበት ልጅ የመጀመሪያውን ሕክምና ባገኘ ማግስት ወደ ማቆያው ይመለሳል፤ የቤተሰቡ ሁሉ አብሮ መታከም ግን ግዴታ ነው። ቅማል ያለበት ይታከም፣ ከማቆያ ግን አይባረር።

«መስኮት ስንከፍት ወላጆች ብርድ ይመታቸዋል ይሉናል።» (የማቆያ ኃላፊ)

ጉንፋን የሚተላለፈው ከሰው ነው፤ የተዘጋ ክፍል ደግሞ የሁሉንም ትንፋሽ አከማችቶ ይይዛል። ልጆቹን ደረብ አድርጋችሁ አልብሱና መስኮቶችን በሁለት አቅጣጫ ክፈቱ። የፍራሾቹን ርቀትም አስፉ፤ የአንዱ ራስጌ በሌላው ግርጌ በኩል ይሁን። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስላት ሠራተኛ ካለች ለቲቢ እስክትመረመር ከልጆቹ ክፍል ትራቅ፤ ሕፃናት ቲቢ የሚይዛቸው በአብዛኛው ከአዋቂ ነው።

«ማቆያው ውስጥ አንድ ልጅ ኩፍኝ ወጣበት። የኔ ልጅ ገና 7 ወሯ ነው።» (አባት)

ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። መደበኛው የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ነው፤ ኩፍኝ ሲገባ ግን ከ6 ወር ጀምሮ ተጨማሪ ክትባት ሊሰጥ ይችላል። ከተጋለጠች በ72 ሰዓት ውስጥ ከተከተበች ሊከላከልላት ይችላል። ይህ የ9 ወሩን አይተካም፤ ያኔ እንደገና ትከተባለች። ቫይረሱ የታመመው ልጅ ከወጣ በኋላ እስከ 2 ሰዓት በክፍሉ አየር ውስጥ ይቆያል፤ ልጁም ሽፍታው ከወጣበት ቀን በኋላ 4 ቀን ቤት ይዋል። ማቆያው ለጤና ጣቢያው በዕለቱ ማሳወቅ አለበት፤ ዝም ካሉ እርስዎ ራስዎ ያሳውቁ።