ፖኬሞኖችን በሳይንስ መንገድ መመደብ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በፖኬሞን ጨዋታ ያሉት ምናባዊ ፍጥረታት ካተርፒ፣ ሜታፖድና በተርፍሪ በፖኬዴክስ (በጨዋታው የፍጥረታት መዝገብ) ላይ ሦስት ቁጥር አላቸው። ሦስት ዝርያ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፣ አንድ ናቸው። ካተርፒ ደረጃ 7 ላይ ሜታፖድ፣ ደረጃ 10 ላይ በተርፍሪ ይሆናል። አባ ጨጓሬ ሙሽሬ ሆኖ ቢራቢሮ እንደሚወጣው ነው። ጨዋታው ይህን «ኢቮሉሽን» ስለሚለው ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ዝግመተ ለውጥ ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ እንጂ በአንድ እንስሳ ዕድሜ አይታይም። ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ እንቁላሉን እዩ፤ በተርፍሪ ከጣለችው እንቁላል የሚፈለፈለው ካተርፒ ነው።

ጥያቄ፦ ኢቪስ? ስምንት ዓይነት መልክ ይይዛል።

መልስ፦ እሱም አንድ ዝርያ ነው። በውኃ ድንጋይ ቬፖሪየን፣ በእሳት ድንጋይ ፍላሪየን ቢሆንም ከሁሉም እንቁላል የሚወጣው ኢቪ ነው። የንብ ንግሥትና ሠራተኛዋም ከአንድ ዓይነት እንቁላል ወጥተው በምግብ ነው የሚለያዩት።

ጥያቄ፦ ሴቷ ኒዶራን 29፣ ወንዱ 32 ቁጥር ነው። ሁለት ዝርያ ናቸው?

መልስ፦ ከሴቷ እንቁላል ሁለቱም ይፈለፈላሉ። ልዩነቱ የጾታ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የሚዋለዱትን ሁሉ አንድ ዝርያ ብንላቸውስ?

መልስ፦ እዚህ ጋ መስፈርቱ ይፈርሳል። 14.5 ሜትር የሚረዝመው ዌይሎርድና 0.6 ሜትር የሆነችው ስኪቲ አንድ የእንቁላል ቡድን (በጨዋታው መጣመር የሚችሉት የሚመደቡበት ክፍል) ስለሚጋሩ ይዋለዳሉ። ሆኖም ድቅል አይወለድም፤ ግልገሉ በዝርያው እናቱን ነው የሚከተለው። የእንቁላል ቡድን ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር ይነግረናል እንጂ ዝምድናን አያረጋግጥም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የዝምድና ዛፍ በእጄ መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከአምስት ፍጥረት አትለፍ። ለአምስት፣ ሊሠሩ የሚችሉት ሥር ያልተሰጣቸው (የጋራ መነሻቸው ያልተመለከተባቸው) ዛፎች 15 ብቻ ናቸው፤ ለአሥር ግን 2,027,025 ይደርሳሉ። ገና የተፈለፈሉትን ብቻ ውሰድ፤ ከአምስቱ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ የራቀ ይሁን፣ ዛፉን ሥር የሚያስይዝልህ እሱ ነው። ከዚያ 15 ያህል የአካል ምልክት ጻፍ፦ ካለ 1፣ ከሌለ 0፣ ካልታየ የጥያቄ ምልክት። በመጨረሻ ምልክቶቹን ለማስረዳት ከሁሉም ያነሰ ለውጥ የሚጠይቀውን ዛፍ ትመርጣለህ። «የእሳት ዓይነት» የሚለውን የጨዋታውን ምድብ እንደ ምልክት ከቆጠርክ ግን እንሽላሊት የሚመስለው ቻርማንደርና ፈረስ የሚመስለው ፖኒታ ወንድማማች ሆነው ይወጡልሃል። «ክንፍ አለው» እና «ይበርራል» የሚሉትንም ለየብቻ አትቁጠር፤ አንድ ነገር ሁለት ድምፅ ያገኛል።

ጥያቄ፦ የላቲን ስም ብሰጣቸው ተቀባይነት ያገኛል?

መልስ፦ የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ ለምናባዊ ፍጥረት የተሰጠ ስም አይቀበልም። ከጨዋታው ወደ ሳይንስ የገቡ ስሞች ግን አሉ፦ በ2014 አንድ የጥንት በራሪ ተሳቢ እንስሳ ኤሮዳክቲለስ፣ በ2016 አንድ የቺሊ ንብ ቺሊኮላ ቻሪዛርድ ተብለዋል።