መልስ፦ እስካሁን ምንም ካልተሰማ የሉም ማለት ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ፣ ግን "ሳይንቲስቶች ከ60 ዓመት በላይ ከሌላ ዓለም የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ፈልገው ካጡ በቃ ከኛ ሌላ የሚያስብ ፍጡር የለም ማለት አይደል?" ላልከው እኔ በፍጹም አይደለም ባይ ነኝ። ፍራንክ ድሬክ የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ይህን ፍለጋ እንደ ፈረንጆቹ በ1960 አሜሪካ ግሪን ባንክ ላይ 26 ሜትር በሚሰፋ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ (ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበል ትልቅ ሳህን) ሲጀምር ያዳመጠው ሁለት ኮከብ ብቻ ነው፣ ታው ሴቲና ኤፕሲሎን ኤሪዳኒን፣ ያውም 1420 ሜጋኸርዝ በሚባለው ፍሪኩዌንሲ አካባቢ ብቻ፣ ምክንያቱም ሃይድሮጅን ራሱ የሚለቀው ሞገድ እዛ ላይ ስለሆነ የትም ያለ ሳይንቲስት ያውቀዋል ተብሎ ነው።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ ኮከቡም ፍሪኩዌንሲውም ሰዓቱም ሦስቱም መግጠም አለባቸው። ጥምቀት ላይ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ህዝቡ እልል ሲል ከማዶ አንዱ ቢጠራህና ባትሰማው ማንም አልጠራኝም ትላለህ እንዴ?

በ1977 ኦሃዮ ላይ የተቀዳው "ዋው" የሚሉት ምልክት 72 ሰከንድ ተሰምቶ ጠፋ፣ ደጋግመው ቢያዳምጡም አልተመለሰም። እኔ እሱን ማስረጃ ነው አልልም፣ ካልተደገመ ማስረጃ አይሆንም። በ2019 ከፀሐይ ቀጥሎ ለኛ ቅርብ ከሆነው ኮከብ ከፕሮክሲማ ሴንታውሪ አቅጣጫ የተቀዳውም በደንብ ሲጣራ ከራሳችን ከምድር መሳሪያ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል፣ እና እንዲህ ጠንክረው ማጣራታቸው ነው እኔን የበለጠ እንዳምናቸው የሚያደርገኝ።

ጎንደር ካለህ ታኅሣሥ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጎሃ ውጣና ወደ ደቡብ ከፍ አርገህ እይ፣ ታው ሴቲ ያለ መሳሪያ በአይን ይታያል። ርቀቱ 12 የብርሃን ዓመት አካባቢ ስለሆነ፣ ማለትም ብርሃንም ሆነ የሬዲዮ ሞገድ እዛ ለመድረስ 12 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ዛሬ ሰላም ብንላቸው እንኳ መልሱ ወደ 24 ዓመት ይፈጃል። የቱ እንደሆነ ካልለየኸው ስቴላሪየም የሚባለውን አፕ ስልክህ ላይ ጫነው፣ ስሙን ስትጽፍለት ቦታውን ያሳይሃል።