ጠቅ ብሎ ዝም ለሚል መኪና ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን (ከባትሪ ኔጌቲቭ ወደ ሞተር የሚመለሰውን መስመር) እዩ

ጥያቄው ከደሴ ነው። «ጋሼ፣ መኪናዬ የ1999 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ ማርሿ ማንዋል ነው። ፍሪሲዮን ካስቀየርኩ ወዲህ ቁልፍ ሳዞር አንዴ ጠቅ ትልና ዝም ትላለች። የፊት መብራቷ ግን ቦግ እንዳለ ነው። ባትሪ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ያገለገለ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) አስመጥቼ አስገጠምኩ፣ አሁንም ያው ነው። በቁልቁለት ስለቃት ግን ወዲያው ትነሳለች። ደጋግሜ ስሞክር ፕላስቲክ የተቃጠለ የመሰለ ሽታ ይመጣል። የነዳጅ ፔዳሉም ከበድ እያለኝ ነው። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ሁለት ዕቃ ገዝተሃል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን አንዱም አያስፈልግህም ነበር። ጥርጣሬዬ ማሳው ላይ ነው። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይወርዳል። ካምቢዮ ለማውረድ ከባትሪ ኔጌቲቭ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ይፈታል። ሲመለስ ወይ ተረስቷል፣ ወይ ጭቃና ቅባት ላይ ተደፍቶ ታስሯል። ሽታውና የፔዳሉ መክበድ ደግሞ ጥርጣሬዬን አጠንክረውታል። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሞክረው።

ከሙከራው በፊት አንድ ነገር። ማርሹ ዜሮ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ። ደሴ ሜዳ አይደለችም። መኪና ሥር ተኝቶ ሞተሪኖን በካቻቢቴ ማገናኘት የሚባለውን ነገር ደግሞ ማንም ቢመክርህ እንዳታደርገው። ማርሽ ውስጥ የቀረ መኪና በዚያች ቅጽበት ዘሎ በሰው ላይ ይሄዳል።

አሁን ባትሪ ለባትሪ የሚያያዘውን ኬብል አምጣ። የጥቁሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ያዘው። ቀለም የሌለበት ንጹሕ ብረት ይሁን፣ ወፍራም ብሎን ቢሆን ጥሩ ነው። ከቺንጋና ከማራገቢያ ይራቅ። ከዚያ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጠህ ቁልፉን አዙር። ሞተሪኖው ባንዴ ካሽከረከረ ነገሩ አለቀ፣ ማሳ ነው። ኬብሉ ግን ደህና ይሁን። አሁን በየመንገዱ የሚሸጠው ላስቲኩ አውራ ጣት የሚያክል፣ ሲላጥ ግን ውስጡ ክር የመሰለ ነው። እንዲህ ያለው ኬብል መኪናውን ሳያስነሳ ይግላል፤ አንተም «ማሳ አይደለም» ብለህ ሌላ ዕቃ ፍለጋ ትወጣለህ።

ቴስተር ካለህ በዲሲ ቮልት አድርገህ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ዋልታ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አስነካ። ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። ከ0.3 ቮልት በታች ካነበበ ማሳው ደህና ነው። ከ0.5 ካለፈ ችግር አለ። 3 እና 4 ቮልት ካየህ ገመዱ የለም ማለት ይቻላል።

ነገሩን ላብራራው፤ ብዙ ሰው ባትሪ የሚገዛው ይህን ስለማያውቅ ነው። ኤሌክትሪክ ከፖዘቲቭ ወጥቶ ሥራውን ሠርቶ ወደ ኔጌቲቭ መመለስ አለበት። የፊት መብራት የሚመለሰው በቦዲው በኩል ነው። ሞተሪኖ ግን የታሰረው ካምቢዮና ሞተር ላይ ነው። ሞተሩ ደግሞ የተቀመጠው በጎማ ላይ ነው። መንቀጥቀጡን እንዲውጥ የተደረገው ያ ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ወፍራሙ ገመድ ከሌለ ሞተሩ ከባትሪው ተቆርጧል፤ መብራቱ ግን ምንም አልጎደለበትም። ቦግ ማለቱ ባትሪውን ነጻ ያወጣዋል እንጂ ሞተሪኖውን አያስወቅሰውም።

ታዲያ ጠቅ የሚለው ከየት መጣ? ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄድ ብረት ምን አለ? የነዳጅ ፔዳሉ ገመድ አለ፣ የማርሹ ገመድም አለ። በእነዚህ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ሞተሪኖው ጀርባ ላይ ያለው ሶሌኖይድ ብዙ ስለማይፈልግ ይስባል፤ ጠቅ የሚለው እሱ ነው። ሞተሪኖው ራሱ ግን ከ100 አምፔር በላይ ይፈልጋል። ሰው የሚያሻግር የእንጨት ድልድይ የጭነት መኪና አያሻግርም። መገናኛው ላይ 0.03 ኦም ብቻ ቢኖር በ5 አምፔር የሚባክነው 0.15 ቮልት ነው፣ ማንም አያየውም። በ150 አምፔር ግን 4.5 ቮልት ይባክናል። ከ12ቱ ይህን ያህል የተወሰደበት ሞተሪኖ አይዞርም። በኦም የሚለኩ ልጆች «ይገናኛል እኮ» የሚሉትም ለዚህ ነው። ቴስተሩ ሲለካ የሚልከው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ቀጭኑም መንገድ ደህና ይመስላል። ማሳ የሚለካው ጭነት ላይ እያለ ነው።

ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ በፔዳሉ ገመድ ሲጋፋ ገመዱ ይግላል፣ የውስጡ ፕላስቲክም ይቀልጣል። የሸተተህ እሱ ነው። በቁልቁለት የምትነሳውም ሞተሪኖው ስለማያስፈልግ ነው።

ጥገናው ቀላል ነው። መጀመሪያ ኔጌቲቩን ከባትሪው ፍታ። ገመዱን ተከትለህ ውረድ፤ ካምቢዮው ላይ መድረስ አለበት። ተንጠልጥሎ ካገኘኸው ቦታውን ፈልግና ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ። የገመዱን ቀለበትም በሁለቱም ፊት አጽዳ። በደንብ አጥብቀህ እሰር፣ ከላይ ግራሶ ቀባው። ገመዱ ከጠፋ 25 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፣ ጫፉ በመሣሪያ የተጨመቀ ቀለበት ያለው አሠራ። ጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር መጠቅለል ጥገና አይደለም። ሞርሴቶውንም፣ የባትሪውን ዋልታ የሚይዘውን መቆንጠጫ ማለቴ ነው፣ እየው። በባትሪው ዋልታና በሞርሴቶው መካከል ሚስማር ተሰክቶ ካገኘህ ንቀል። ይህ ሚስማር ስንት መኪና እንዳበላሸ! ሞርሴቶው ከሰፋ ደህናውን ግዛ፣ በመጀመሪያ ጥብቂያ የሚሰነጠቀውን ስስ ብረት አትቀበል።

የነዳጁን ገመድ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትል ቀይር። ውስጡ ቀልጦ የደረቀ ገመድ ፔዳሉን ተጭነህ ስትለቅ ላይመለስ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ፔዳሉን በእጅህ ተጫንና ልቀቅ፤ ጥርት ብሎ ካልተመለሰ በዚያ መኪና ከቤት አትውጣ።

የማሳውን ገመድ አስረህ፣ ማሳውም ከ0.3 ቮልት በታች እያነበበ አሁንም ጠቅ ብቻ ካለ፣ ሶሌኖይዱ ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ሳይበሉ አይቀሩም። በነዚህ ቶዮታዎች የተለመደ ነው። ያገለገለ ሞተሪኖ ደግሞ ላዩን ቀለም ተረጭቶ ይሸጣል እንጂ ውስጡን ማንም አይከፍተውም። የድሮውን አልጣልከውም አይደል? እሱን ከፍተህ መዳቦቹን ብቻ ቀይር፣ የፋብሪካ ዕቃ ስለሆነ ከገዛኸው ሊሻል ይችላል። ለማውረድ ስትገባ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍታ፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ ጎማውን በድንጋይ ያዝ። መኪናውን በጃክ ብቻ አንጠልጥለህ ሥሩ አትግባ፣ ካቻቢቴዋንም እዚያ ይዘህ አትውረድ።