ኮምፕረሰሩን መኪናው ላይ የት እንሰረው? ጥያቄና መልስ

ወደ ዳሎልና ወደ ኤርታ አሌ ለመውረድ የሚዘጋጁ የላንድክሩዘርና የሃይሉክስ ባለቤቶች ስለ ባለ 12 ቮልት የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር አተካከል ጠይቀውኛል። አሸዋ ላይ ጎማ አስተንፍሶ ለገባ ሰው፣ አስፋልት ሲደርስ መልሶ የሚነፋበት መሣሪያ የት እንደታሰረ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ኮፈን ሥር ይሻላል ወይስ ጋቢና ውስጥ?

መልስ፦ ቦታ ካለ ኮፈን ሥር፣ በባትሪው በኩል፣ በተቻለ መጠን ከፍ ተደርጎ ይታሰር እላለሁ። ዋናው ምክንያቴ ሽቦው ነው። ባለ ሁለት ሞተር ኮምፕረሰር ጫና ሲበዛበት 50 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህንንም 10 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ 5 ሜትር ወስደን 5 ሜትር ብንመልሰው ሽቦው ላይ ብቻ 0.9 ቮልት ገደማ ይባክናል፣ ከባትሪው አንድ ሜትር ርቆ ቢታሰር ግን ብክነቱ 0.2 ቮልት አይሞላም። ቮልቱ ሲያንስ ሞተሩ ይዳከማል፣ ጎማ የሚነፋበት ጊዜም ይረዝማል።

ጥያቄ፦ የሞተሩ ሙቀት አይጎዳውም?

መልስ፦ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ከጭስ ማውጫውና ከቱርቦው በተቃራኒ በኩል መሆን አለበት። ጎማ የሚነፋው መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው፤ በጉዞ ላይ የሚያቀዘቅዘው ንፋስ በዚያን ጊዜ የለም። አየሩ ራሱም ሲታመቅ ይግላል። ከኮምፕረሰሩ ራስ በቀጥታ የወጣ የፕላስቲክ ቱቦ ተለስልሶ አንገቱ ላይ እንደ ፊኛ ሲያብጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ሜትር በብረት ክር የተሸፈነ ቱቦ ይሁን፤ ሲነፉም ኮፈኑን ይክፈቱት።

ጥያቄ፦ ከሻንሲው ሥር ብዙ ባዶ ቦታ አለኝ። እዚያ ባስረውስ?

መልስ፦ አያድርጉት። ወንዝ ሲሻገሩ ውኃ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጭቃና ጠጠር ያገኘዋል። የአፋር አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ፣ ኮፈን ሥር ለሚታሰረውም ቢሆን አየር የሚስብበትን ማጣሪያ በቱቦ አርቆ ከፍ ያለና ደረቅ ቦታ ላይ ማድረግ ይገባል።

ጥያቄ፦ ሃይሉክሴ ላይ ሁለተኛ ባትሪ ስላስገባሁ ኮፈን ሥር ቦታ አልቀረም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከፊት ተሳፋሪው ወንበር ሥር ያለውን ከፍታ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቦ ይለኩት፤ ካልበቃ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ይፈልጉ። ድምፁ ይረብሻል፣ ነገር ግን አቧራና ውኃ አይነካውም። ሽቦው ስለሚረዝም ወደ 16 ካሬ ሚሊሜትር ከፍ ይበል፤ ፊውዙ ደግሞ ኮምፕረሰሩ ጋ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ ይቀመጥ፣ ምክንያቱም ሽቦው መንገድ ላይ ተፍቆ የመኪናውን አካል ቢነካ እሳቱን የሚከለክለው እሱ ብቻ ነው። ምንጣፍና ዕቃ እንዳያፍነው ዙሪያውን ክፍት ይተዉለት።

ጥያቄ፦ ማሰሪያው ከምን ይሠራ?

መልስ፦ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ። የባትሪው መቀመጫ ላይ አይደርቡት፤ እንደዚያ የታሰረ አንድ ኮምፕረሰር ኮረኮንች ላይ በንዝረት መቀመጫውን ሰንጥቆት ባትሪውም አብሮ ተላቆ ነበር። የማይፈታ ዳዶ ይጠቀሙ፣ ከመጀመሪያው የኮረኮንች ጉዞ በኋላም ቡሎኖቹን መልሰው ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ ከመውረዴ በፊት አዲስ አበባ ላይ ብሞክረው ይበቃል?

መልስ፦ ሙከራው ያስፈልጋል፣ ግን ልዩነቱን ይወቁ። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛው ያህል ስለሆነ ኮምፕረሰሩ በዝግታ ይነፋል፤ ከባሕር ጠለል በታች ባለው ዳሎል አየሩ ይወፍራል፣ ፈተናው ሙቀቱ ነው። አራቱን ጎማዎች ከ18 ወደ 35 ፒኤስአይ ያለ ዕረፍት ነፍተው ሲጨርሱ የፊውዙን መያዣና የሽቦውን ጫፎች በእጅዎ ይዳስሱ። የሚያቃጥል ጫፍ ካገኙ ዳግም አጥብቀው እስኪያስሩት ጉዞው ይቆይ።