«ትርጉሙን በቃሌ ይዤው ነበር፤ ከዚያ ግን ዝም አልኩ»

ጥያቄሽን አሳጥሬ ላስቀምጠው። በአካባቢ ሳይንስ ተመርቀሻል። አንድ የልማት ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራሽና «ዘላቂ ልማት ምንድን ነው?» አሉሽ። በቃልሽ የያዝሽውን ትርጉም አንድ ቃል ሳታዛንፊ ተናገርሽ። «እሺ፣ ይሄ የእኛን የውኃ ፕሮጀክት በምን ይለውጠዋል?» ሲሉሽ ግን መልስ አጣሽ። አሁን «ማስተርስ ልጨምር ወይስ ሙያውን ልተወው?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

አይዞሽ እህቴ፣ አትተዪው። ማስተርሱም ለጊዜው ይቆይ። ትርጉሙን ታውቂዋለሽ፤ ሥራ ላይ ግን አውርደሽው አታውቂም። ይህ ደግሞ በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው።

ያጠናሽው ዓረፍተ ነገር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የመሩት ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት ላይ ይገኛል። የዛሬው ትውልድ የሚያስፈልገውን ሲያሟላ፣ ነገ የሚመጣው ትውልድ የራሱን የማሟላት አቅም እንዳያጣ ይጠንቀቅ ነው የሚለው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ሪፖርቱ ግን ወዲያው ሁለት ነገር ያክላል። አንደኛ፣ ፍላጎት ሲባል ቅድሚያ የሚሰጠው ለድሆች መሠረታዊ ፍላጎት ነው። ሁለተኛ፣ አካባቢያችን ሊሰጠን የሚችለው ነገር ገደብ አለው። የመጀመሪያውን አደራ አትርሺብኝ። ዘላቂ ልማትን ችግኝ ከመትከል ጋር ብቻ የሚያያይዙ ሰዎች የሚስቱት እሱን ነው።

አሁን ወደ ውኃው እንሂድ። አንድ የእጅ ፓምፕ አስቢ። ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ፓምፑ ተተከለ፣ ተመረቀ። ሪፖርቱ ላይ «ተጠናቋል» ተብሎ ተጻፈ። ከጊዜ በኋላ ፓምፑ ውስጥ ያለች አንዲት የጎማ ቀለበት አለቀች። ከፓምፑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የእሷ ዋጋ ምንም ማለት አይደለም። ግን ማን ይግዛት? ከየት? ማንስ ፈትቶ ይቀይራት? ይህ ቀድሞ ካልታሰበበት ሰዎቹ ባዶ ዕቃቸውን ይዘው ወደ ድሮው ወንዝ ይመለሳሉ። ቃለ መጠይቁ ላይ ይቺን የጎማ ቀለበት ብታነሺላቸው ኖሮ ወሬው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

የዘላቂ ልማት መርሆችም ከዚሁ ከጉድጓዱ አይርቁም። እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ዲ ጄኔሮ ላይ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ አገሮች 27 መርሆችን አጽድቀዋል። ጉድጓዱ የት ይቆፈር በሚለው ላይ ተጠቃሚዎቹ ተጠይቀዋል ወይ? ይህ የተሳትፎ መርህ ነው። ከላይ ያለ ፋብሪካ ውኃውን ቢበክል የማጽጃውን ወጪ ማን ይችላል? ይህ በካይ ይክፈል የሚባለው ነው። በየቀኑ የሚቀዳው ውኃ ዝናብ ከሚተካው ይበልጣል ወይ? እዚህ ላይ የልጆቻቸው ድርሻ አለበት። ሌላው የቅድመ ጥንቃቄ መርህ ነው፦ ጉዳቱ ከባድ ወይም የማይመለስ ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ የተሟላ ሳይንሳዊ ማረጋገጫ የለም ተብሎ መከላከያው አይዘገይም።

«አካባቢ ይሻላል ወይስ የሥራ ዕድል?» ብለው ሊፈትኑሽም ይችላሉ። ጥያቄው ሁለቱን እንደ ጠላት አቁሞ ስለሚመጣ ቶሎ አትምረጪ። የሪዮ ጉባኤ ባለቀ በሳምንታት ውስጥ ካናዳ በኒውፋውንድላንድ ባሕር ኮድ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ከለከለች። ዓሣው ለዓመታት ከመራባት አቅሙ በላይ ሲጠመድ ኖሮ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው ሥራ አጣ። ለአካባቢ ሲባል የተዘጋ ሥራ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ሥራውን የገደለው ቀደም ሲል ለዓሣው አለመታሰቡ ነው።

ሥራ ፍለጋሽን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ልንገርሽ። «የዘላቂ ልማት ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ ብቻ እየጠበቅሽ ከሆነ ብዙ ትቆያለሽ። ሥራው ያለው በሌላ ስም ነው፦ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ (አንድ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ማጥናት)፣ ክትትልና ግምገማ፣ የውኃ ሀብት አስተዳደር፣ ግዥ ሳይቀር። ብሩንትላንድ ራሳቸው ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1713 ደን በሚተካው ልክ ብቻ ይቆረጥ ብሎ የጻፈው ጀርመናዊው ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ የማዕድን ሥራ ኃላፊ ነበር። ማዕድን ማቅለጫው እንጨት ይፈልግ ስለነበር ነው ያሳሰበው። ስለዚህ እጅሽ ላይ አንድ ጠንካራ ሙያ ይኑር። ለአንቺ የተፅዕኖ ግምገማውን እመርጥልሻለሁ፤ የተማርሽው ለእሱ ቅርብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት መንግሥታት 193 አባል አገሮች የተስማሙባቸውን 17ቱን ዘላቂ የልማት ግቦች ለመሸምደድም አትድከሚ። ከግቦቹ ሥር 169 ዝርዝር ዒላማዎች አሉ፤ ማንም ሁሉንም በቃሉ አይዝም። ስለ ውኃና ንጽሕና የሚያወራውን ግብ 6ን ብቻ ውሰጂና እያንዳንዱ ዒላማ በምን እንደሚለካ እስኪገባሽ አንብቢው።

እስከ ሳምንት የቤት ሥራ ልስጥሽ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን የሠራሽበትን ቦታ ወይም በቅርብ የምታውቂውን አንድ ፕሮጀክት ምረጪ። በአንድ ገጽ ብቻ ጻፊ፦ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ ከ20 ዓመት በኋላ ምን ይተርፋል። የማታውቂው ጋ ስትደርሺ ሄደሽ ሰው ጠይቂ። ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።